የቀኙ በኩል ያንተ ነው

ጥቅምት 9

ለታናሽ ወንድሜ ለማሙሽ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስ። ስልሳ ዓመት ልትደፍን ብትቃረብም ማሙሽ መባልህን አልተውኩልህም፣ አልተውልህምም። ጤናህን ይጠብቅልህ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ የሚያመኝ ስቀመጥ ነው፤ ስለዚህ አልቀመጥም።

የምጽፍልህ ስለ እሜቴ፣ ስለ አባታችን መኪና ነው። ፍሬኗ ደክሟል። ባለፈው ሳምንት ከዳቦ ቤቱ ቁልቁለት ስወርድ ፔዳሉን ረገጥኩት። እግሬ ወለሉን ነካ፤ እሷ ግን መንገዷን ቀጠለች። የእህታችንን የግቢ በር ገፍታ ከፈተች፣ የልብስ ማስጫውን ገመድ በጠሰች፣ በመጨረሻ የቆመችው አልጋ ልብስ ተከናንባ ነው። ሰው አልተጎዳም። እህታችን ወጥታ አየችን፤ አልጋ ልብሱን ከመኪናዋ ላይ አንስታ አራግፋ ገባች።

በማግስቱ ፍርዷን ሰጠች። መኪናዋ በእሷ ስም ናት፤ አባባ እንደዚያ ተናዞ ነው የሄደው። የሴት ልጇ ሠርግ በሰኔ ነው። እስከዚያ እሜቴ ቀጥ ብላ መቆም ከቻለች ሙሽራዋን ይዛ ትሄዳለች፤ ካልቻለች ለቁራሌ ትሰጣለች። ተከራከርኩ። ከቁራሌው ጋር ተነጋግሬ ጨርሻለሁ አለችኝ።

ስለዚህ እዚያው እህታችን ግቢ የእሜቴን የፊት እግሮች፣ ጎማዎቿን፣ ፈታሁ። ሁለቱ ካሊፐሮች፣ ዲስኩን እንደ መዳፍ ጨብጠው የሚያቆሙት፣ ውስጣቸው ዝጓል፤ ፒስተናቸው አልንቀሳቀስ ብሏል። የፍሬኑን ዘይት የሚያደርሱላቸው የጎማ ቱቦዎችም ሁለቱም እንደ አሮጌ ጫማ ተሰነጣጥቀዋል። ለዚህ ዕድሜ መኪና አዲስ ካሊፐር አይገኝም፤ ያለውን ማደስ ነው። ጋራዥ ውሰዳት እንዳትለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ወፍጮ ጠግኜ ያደርኩ ሰው ነኝ፤ ያስተማረኝ የለም፣ የሚያርመኝም አልፈልግም።

ካንተ የምፈልገው ፒስተኑን ከብቦ ዘይቱን የሚይዘው የካሊፐር ጎሚኒና ቱቦ ብቻ ነው።

ወንድምህ

ኅዳር 3

ለተከበሩት ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎን ፈጣሪ ያበርታልዎ፤ እባክዎ አልፎ አልፎ ቁጭ ይበሉ። እኔና ባለቤቴ ደህና ነን። እዚህ ባሕር ማዶ ብርዱ ገብቷል፤ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ጢሜ ይደርቃል።

ደብዳቤዎን ለባለቤቴ ሳነብላት አልጋ ልብሱ ጋ ስደርስ መቀጠል አቃተኝ። ይቅር ይበሉኝ፣ ሳቅሁ። ከዚያ ቁልቁለቱ በዓይኔ መጣና ሳቁ ጠፋ።

ጋሼ፣ ፍሬን ወፍጮ አይደለም። ወፍጮ ቢበላሽ ሰው ዱቄት ያጣል፤ ይኸው ነው። ደግሞ አይቆጡኝና፣ የአባባን ሬዲዮ ከጠገኑት ወዲህ የአየር ትንበያ ብቻ ነበር የሚያወራው። እኔ እዚህ ሊፍት ስጠግን ነው የኖርኩት። ሊፍትም ፍሬን አለው፤ ያውም ቢበላሽ በር ገፍቶ የሚቆም አይደለም። የአሮጌ መኪና ጎሚኒ የሚሸጥ ሽማግሌ ደግሞ በሰፈሬ አለ። ሁለቱንም ካሊፐር ይላኩልኝ፤ አድሼ እመልስልዎታለሁ።

እትዬን ይሳሙልኝ። ሙሽራዋ አሁንም የከተማ አውቶቡስ ትነዳለች? ወደ ሠርጉ መምጣቱን በተመለከተ በሰኔ ፈቃድ ማግኘት ከባድ ነው። እስቲ እናያለን።

አክባሪዎ ማሙሽ

ኅዳር 21

ለማሙሽ፣

ጤና ይስጥህ ብዬ ልጀምር፤ ከዚህ በታች ያለው ምርቃት አይደለምና።

የአባባ ሬዲዮ የአየር ትንበያ ብቻ ያወራ የነበረው ሌላው ሁሉ ወሬ ስለነበር ነው።

ሁለቱን አልልክም። አንዱን ልኬልሃለሁ፤ የቀኙን። ጎረቤታችን ባለ መድኃኒት ቤቷ ልጇን ልትጠይቅ ወደናንተ ስትመጣ በፎጣ ጠቅልዬ ሻንጣዋ ውስጥ ከትቼዋለሁ። እንግዲህ ግራው የኔ፣ ቀኙ ያንተ። እኔ በእጄ፣ አንተም በእጅህ፤ ለሰው ሰጥተህ ብታሠራው ከሩቅ አውቀዋለሁ። የኔን በኩል አንተ አትመክርም፤ ያንተን በኩል እኔ አልነካም። ሁለቱም ሲገጠሙ ፍሬኗን ረግጠን እናያለን። ቀጥ ብላ ከቆመች ሁለታችንም ሰው ነን። ወደ አንዱ ጎን ከሄደች ማን እንደሰነፈ እሷው ትናገራለች። እሜቴ አማላጅ አትሰማም።

ልጅቷ አዎ፣ አውቶቡስ ትነዳለች። ያን ሁሉ ሰው ጭና ከተማውን ትዞራለች። እሜቴን ግን አላስነካኋትም። አውቶቡሱ የከተማው ነው፤ እሜቴ የአባታችን ናት።

ትመጣለህ ወይ የምትለው እህትህ ናት። እኔ አልጠየቅኩም።

ወንድምህ

ጥር 15

ለተከበሩት ጋሼ፣

ለእርስዎም ለቤተሰቡም ሰላምና ጤና እመኛለሁ። መዘግየቴን ይቅር ይበሉኝ፤ ሥራው በዛብኝና ሳምንቱ በሳምንት ላይ ተደራረበ።

ባለ መድኃኒት ቤቷ በደህና ደርሳለች። ከአውሮፕላን ማረፊያው ግን በቀላሉ አልወጣችም። በፎጣው ውስጥ ያለው ብረት ምን እንደሆነ ሲጠይቋት የሁለት ወንድማማቾች ጠብ ነው ብላ መለሰች። አስተርጓሚ እስኪመጣ አስቀምጠዋታል። ሁለተኛ የእናንተን ዕቃ አልይዝም ስላለች ይህ የሚደርስዎ በፖስታ ነው።

ሥራውን ውልዎን አክብሬ በእጄ ሠራሁት። በምሳ ሰዓት፣ በሊፍቱ ሞተር ክፍል ውስጥ፣ ወንበሩን ጠረጴዛ አድርጌ። ፒስተኑ መጀመሪያ አልወጣም አለ፤ ዘይት አጠጥቼ አሳደርኩትና በማግስቱ እንደ ሰው አነጋግሬ አወጣሁት። ዝገቱን በለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁ። የጎሚኒውን መቀመጫ ብረት እንዳይቧጥጠው በቀጭን እንጨት ጠረግሁት። አዲሱን ጎሚኒ በንጹሕ የፍሬን ዘይት ነክሬ አስገባሁ፤ ፒስተኑን በሁለት አውራ ጣቶቼ ገፋሁትና ሰተት ብሎ ገባ። ያ ስሜት ደስ ይላል ጋሼ። አለቃዬ ከበሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር፤ ይህ የየትኛው ሊፍት ነው ብሎ ጠየቀኝ። የአባቴ አልኩት።

በመጨረሻም ሰማያዊ ቀለም ቀባሁት። ቆንጆ ሆኗል።

ከእሱ ጋር የእርስዎን ጎሚኒ ልኬያለሁ። ቱቦም ሁለት፤ አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ። ስለ ፈቃዱ አለቃዬን ገና አላነጋገርኩትም።

አክባሪዎ ማሙሽ

የካቲት 2

ለማሙሽ፣

በረከት አይለይህ። ዕቃው ደረሰ።

ሰማያዊ። ሙሽራዋ እሱ ሆነና ነው የኳልከው? ማንም የማያየው ጎማ ውስጥ የሚገባ ነገር። ሆኖም አገላብጬ አየሁት። የምለው የለኝም። ይህን ምስጋና አድርገህ እንዳትወስደው፤ የምለው የለኝም ነው ያልኩት።

የኔም ሊያልቅ ነው። የኔው ፒስተን ካንተ ይልቅ ግትር ነበር፤ ምክርም አልሰማ፣ ዘይትም አልጠጣ አለ። የወፍጮ ቤቱን የአየር መንፊያ አምጥቼ በቱቦው ቀዳዳ አገናኘሁና ነፋሁበት። ወጣ። መውጣቱንስ ወጣ፣ ግን እግረ መንገዱን ወጥ ቤት ገባ። እህትህ ድስቷን ይዛ መጥታ የተሰረጎደበትን አሳየችኝ። "ይኼም የፍሬን ሥራ ነው?" አለችኝ። ፒስተኑ ሲወጣ የሚያርፍበት እንጨት ከፊቱ መደረግ እንዳለበት ማንም ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ዛሬ በደንብ አውቃለሁ።

አሁን የምፈልገው ቱቦው ከካሊፐሩ ጋር የሚገናኝበትን የመዳብ ቀለበት ነው፤ አሮጌው ዳግመኛ አይሠራም። ጎሚኒውን ግራሶ ቀብቼ ላስገባው ነው። በወፍጮ ቤት ግራሶ ያልቀመሰ ነገር ሲሠራ አይቼ አላውቅም።

እህትህ ለእንግዳ ክፍሉ አዲስ መጋረጃ ሰፍታለች። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ወንድምህ

የካቲት 20

ለተከበሩት ጋሼ፣

ሰላምታዬን እያስቀደምኩ ሕጉን ልጥስ ነው። የእርስዎን በኩል እንዳልመክር ታዝዣለሁ፤ ቢሆንም በአባባ አጥንት፣ ግራሶ እንዳይነካው። ግራሶ ያንን ጎሚኒ ያሳብጠዋል፤ ካበጠ ፒስተኑን ነክሶ ይይዘዋል። ንጹሕ የፍሬን ዘይት ብቻ። ከዚህ በኋላ ሙሽራዋን የሚያህል ሰው የሚቀመጥባት መኪና ናትና እንደ ጥፋት አይቁጠሩብኝ።

የመዳብ ቀለበቶቹ እዚሁ ፖስታ ውስጥ ናቸው። የእትዬ መጋረጃ ምን ዓይነት ነው? ባለቤቴ ጠይቅ ብላኝ ነው።

አክባሪዎ ማሙሽ

መጋቢት 18

ለማሙሽ፣

እንደምን አለህ? ግራሶ አልቀባሁም። አንተ ስላልክ አይደለም፤ ግራሶው አልቆ ነው።

መጋረጃው አረንጓዴ ነው።

ካሊፐሮቹን ገጠምኩ፤ ያንተንም ጭምር፣ ከዚያ ሆነህ መግጠም አትችልምና። ከዚያ አየሩን ከዘይቱ መስመር ማስወጣት ነበረ። እህትህን ከመሪው ኋላ አስቀመጥኳት። እኔ ከጎማው ሥር ተኝቼ ርገጪ፣ ያዢ፣ ልቀቂ እላለሁ፤ እሷ ረገጥኩ፣ ያዝኩ፣ ለቀቅኩ ትላለች። ባሌ በሕይወት ሳለ እንኳ እንዲህ ታዝዤ አላውቅም አለች። ጎረቤቱ ሁሉ በአጥሩ ላይ ነበር።

ከዚያ እሜቴን ወደ ወፍጮ ቤቱ ባዶ ሜዳ ወሰድኳትና ፍሬኑን ረገጥኩት።

ወደ ግራ ሄደች።

እንግዲህ ፍርዱን ልንገርህ። ወደ ግራ የምትሄደው የኔው ግራ አጥብቆ ስለሚይዝ ነው። ያንተው ሰማያዊ ተኝቷል። ቀለም እንጂ ጉልበት የለውም። እንደገና አድርጌ አየሁ፤ አሁንም ግራ። እህትህ ከሜዳው ዳር ቆማ አየች። ቀጥ አልልህም ብላሃለች እኮ አለችኝ። ጊዜ አለ አልኳት። ቁራሌውም ጊዜ አለው አለች።

ወንድምህ

ሚያዝያ 4

ለተከበሩት ጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። ፍርዱን አልቀበልም፤ ይግባኝ እላለሁ። የእኔ ተኝቶ ሳይሆን የእርስዎ ያለልክ አንቆ ይዞ ሊሆን ይችላል። አንዱ ጠንክሮ ወይ አንዱ ሰንፎ፣ ከመሪው ላይ ሆኖ ሁለቱም አንድ ነው የሚመስለው።

የሚለየው እንዲህ ነው። ጥቂት ይንዷትና ያቁሟት። ወርደው እጅዎን ወደ ሁለቱም ጎማዎች ያስጠጉ፤ ብረቱን ግን አይንኩ። የትኛው ነው የሚያቃጥለው? ሌላውን ከዚያ እንነጋገራለን።

እትዬ በእውነት ትሰጣታለች ብለው ያስባሉ? የአባባ መኪና ናት እኮ።

አክባሪዎ ማሙሽ

ሚያዝያ 21

ለማሙሽ፣

ሰላም ለቤትህ። እህትህ ያለችውን የማታደርግ ሴት ብትሆን ኖሮ እኔ እስከዛሬ ወንድሟ ሳልሆን አለቃዋ እሆን ነበር። ትሰጣታለች። ቁራሌው ትናንት መጥቶ ዞሮ አያት፤ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገ። ጫማውን አየሁት።

እንዳልከው አደረግኩ። የሚያቃጥለው ያንተ ነው። የኔ ለብ ብሏል፤ ያንተን በኩል ግን እጅ ማስጠጋት አይቻልም። ክሪክ አስገብቼ አነሳኋትና ጎማዎቹን አዞርኩ። የኔ ይዞራል። ያንተ ፔዳሉ ከተለቀቀ በኋላም ይዞ ቀርቷል፤ ቆይቶ ነው የለቀቀው። ይኸው ሁለት ጥፋት ተገኘብህ፦ ያዝ ሲሉት አይመጣም፣ ልቀቅ ሲሉት አይሄድም። እንዲህ ያለ ጠባይ በቤታችን ማን እንዳለው አልነግርህም። መምጣቱም ያስቸግራል፣ አንዴ ከመጣ ደግሞ እህል አይበቃውም።

ወንድምህ

ግንቦት 3

ለተከበሩት ጋሼ፣

በጤናዎ ይቆዩኝ። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። በሊፍት መውጫ መውረጃው ሁሉ እሱን ሳስብ ነበር።

ለመያዝም የሚዘገይ፣ ለመልቀቅም የሚዘገይ ከሆነ ጥፋቱ ከእጁ አይደለም፤ ከጉሮሮው ነው። ዘይቱ ሲሄድም ሲመለስም የሚያንቀው አለ። የጎማ ቱቦ ሲያረጅ ከውጭ ይሰነጠቃል፣ ከውስጥ ደግሞ ያብጣል፤ መንገዱ ይጠባል። እርስዎ ራስዎ በመጀመሪያው ደብዳቤዎ ቱቦዎቹ ሁለቱም አልቀዋል ብለው ጽፈዋል። እኔም ሁለት ልኬያለሁ።

ጋሼ፣ የቀኙን ቱቦ ቀይረዋል?

አክባሪዎ ማሙሽ

ግንቦት 15

ለማሙሽ፣

ቱቦህ መደርደሪያው ላይ ነው። ከወረቀቱ አልወጣም። ቀኙ ያንተ ነው ብዬሃለሁ፤ የሰው ድርሻ አልነካም። እኔ ቃሌን የምለውጥ ሰው አይደለሁም።

እሜቴ ክሪክ ላይ ናት። ሠርጉ ሰኔ 20 ነው። የጎደለኝ ዕቃ የለም፤ ምንም አትላክ።

ወንድምህ

ግንቦት 29

ጋሼ፣

ቱቦ መቀየር የአንድ ጠዋት ሥራ ነው፤ ይህን ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

ደብዳቤዎን ይዤ አለቃዬ ዘንድ ገባሁና ተርጉሜ አነበብኩለት። "ወንድምህ ሞኝ ነው?" አለኝ። አይደለም አልኩት። ደግመህ አንብብልኝ አለ። አነበብኩለት። "ምንም አትላክ" የሚለው ላይ ስደርስ የፈቃዱን ወረቀት ሳብ አድርጎ ፈረመ።

ሰኔ 14 እገባለሁ። የቀኙን እንዳይነኩብኝ።

ማሙሽ

ሐምሌ 3

ለተከበሩት ጋሼ፣

በሰላም ገብቻለሁ። ባለቤቴ እትዬ የላከችላትን ትርፍ የመጋረጃ ጨርቅ ከመስኮታችን ለክታ ሰቅላዋለች። ቤቱ የእናንተን የእንግዳ ክፍል መስሏል።

ለአለቃዬ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ ለእርስዎም እንደነገርኩት እጽፋለሁ፣ የተሳሳትኩት ካለ ያርሙኝ። ቱቦውን ስቀይር ካጠገቤ ቆመው መብራት ያዙልኝ። ውላችንን አክብረው አንድ ቃል አልመከሩኝም። አንድ ጊዜ ብቻ ጉሮሮዎን ጠረጉ፤ እኔም ብሎኑን ያዞርኩበትን አቅጣጫ ቀየርኩ። ከዚያ ሜዳው ላይ እርስዎ ነዱ፣ እኔ ከጎን ሆኜ ፍሬን ስል ረገጡት። እሜቴ እንደ ተተከለ ምሰሶ ቀጥ አለች። ወርደን የጎማዋን ዱካ አየን። ሁለቱም መስመር እኩል ነበር። የምንከራከርበት ነገር ስላጣን ሁለታችንም ደንግጠን ቆምን።

ክርክሩ ግን ሩቅ አልሄደም። በሠርጉ ጠዋት ማን ይንዳ የሚለው ላይ ገባን። እርስዎ በታላቅነትዎ፣ እኔ በእንግድነቴ። ሙሽራዋ ተኳኩላ ቆማለች፣ እኛ ቁልፉን በሁለት በኩል ይዘናል። እትዬ መጥታ ከመሃላችን ቁልፉን ወሰደችው። "ሁለታችሁም አልተሸነፋችሁም" አለች። "ሁለታችሁም አትነዱም። ግቡ ከኋላ።"

ልጅቷ ጫማዋን አውልቃ ለእናቷ ሰጠች፤ ነጭ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ሰብስባ ከመሪው ኋላ ተቀመጠች። ከዳቦ ቤቱ ቁልቁለት ሥር አንድ የጭነት መኪና ድንገት ወደ መንገዱ ሲገባ ሳትጮህ፣ ሳትደነግጥ፣ ረገጠችው። ቀጥ። ከዚያም በኋላ ማሳያው መስታወት አየችን። ጋሼ፣ ያኔ ቀኝ እግርዎ ወለሉን ሊበሳው ደርሶ ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ቱቦውን ከመደርደሪያው ላይ ሳወርደው ወረቀቱ ላይ አቧራ አልነበረም። ሌላው ዕቃ ሁሉ አቧራ ለብሷል። እየወሰዱ እያዩ ይመልሱት ነበር?

አክባሪዎ ማሙሽ

ሐምሌ 20

ለማሙሽ፣

በሰላም መግባትህን ሰምተን ደስ ብሎናል፤ እህትህ ደስ ብሏታል። ባለቤትህ ጨርቁን በመስኮት ልክ መቁረጧ ጥሩ ነው፤ የተረፈውን አትጣለው፣ ለጽዳት ይሆናል።

አርመኝ ስላልክ አርምሃለሁ። ወለሉን የረገጠው ያንተ እግር ነው። የኔ እግር ቀድሞም እዚያ ነበር። ጉሮሮዬን የጠረግኩትም አቧራ ገብቶበት ነው። የጎማው ዱካ እኩል ነበር ያልከውም ከሞላ ጎደል ነው፤ ግራው ትንሽ ይደምቃል። በቀደም ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ዝናቡ ሳያጠፋው ብታየው ኖሮ አንተም ታምን ነበር።

ስለ ወረቀቱ አቧራ የጠየቅከው አልገባኝም። ደብዳቤህ እዚያ ቦታ ላይ ተጣጥፎ ነው የደረሰኝ።

ቁራሌው መጥቶ ነበር። እህትህ በሩን በግማሽ ከፍታ መኪናዋ አትሸጥም፣ ከፈለግክ ግን ወንድሞቼን ልስጥህ፣ አንዱ ውጭ አገር ነው፣ አንዱ እዚሁ አለ አለችው። ወደ እኔ ተመለከተ። አሰበበት መሰለኝ፤ ከዚያ ሄደ።

ልጅቷ እሁድ እሁድ ከባሏ ጋር ትመጣለች። ቁልፉን የምሰጣት እኔ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም። አነዳዷ መጥፎ አይደለም። እሷ ትነዳለች፣ ባሏ ከፊት ይቀመጣል፣ እኔ ከኋላ። ዳቦ ቤቱ ቁልቁለት ላይ ስንደርስ እግሬን ወደፈለግኩበት እዘረጋለሁ፤ የሚገፋኝ፣ ጠጋ በልልኝ የሚለኝ፣ በሰው እግር ላይ የሚመሰክር የለም።

የኋላው ወንበር ለአንድ ሰው በጣም ይሰፋል።

ወንድምህ